በበረዶ ሥር ያለ ዓሣና በበረዶ ላይ ያለ ዓሣ



በአል ሙራቃባት ለአራት በተከራየናት ቤት ውስጥ ባለፈው ጥር አንድ ክርክር ተነሥቶ ሦስት ማታ አስመሸን። ከመካከላችን አንዱ የአርባ ምንጭ ልጅ ነው። ትምህርቱን በዚህ ዓመት ይጨርስና ለሁለተኛ ዲግሪው ወደ ሚኔሶታ ይሄዳል። እዚያ የሚኖረው የአክስቱ ልጅ «አገሩን ከወዲሁ ልመደው» ብሎ አንድ ፎቶግራፍ ላከለት። በፎቶግራፉ ላይ ሰውዬው ጋቢ የሚያህል ካፖርት ለብሶ፣ በነጭ ሜዳ መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ከእግሩ ሥር ባለች የድስት አፍ በምታህል ቀዳዳ ውስጥ አጭር ዘንግ አንጠልጥሎ ይታያል። ሜዳው ግን ሜዳ አይደለም፤ ሐይቅ ነው።

ፎቶግራፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አርባ ምንጭ ደረሰ። በማግስቱ እናቱ ደወሉ። «አንተ፣ የእኅቴ ልጅ ባሕር ላይ ቁጭ ብሏል የሚሉኝ እውነት ነው? በውሃ ላይ የሄደ ጌታ ብቻ ነው። አንተንም ወደዚያ ሊወስዱህ ነው?» አሉት። ባለቤታቸው አዞ በሚርመሰመስበት በጫሞ ሐይቅ ላይ መረብ ሲጥሉ ዕድሜያቸውን የፈጁ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። እናቲቱ አዞውን ለምደውታል፤ የፈሩት በረዶውን ነው። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» እንዲሉ።

ከእኛ አንዱ «በረዶው እንደ ሲሚንቶ ነው፤ መኪና ይነዱበታል» አለ። ሌላው «በያመቱ ሰው ይሰምጥበታል» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ነገሩ ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ ማስረዳት አልቻሉም። እኔ የውሃ ምሕንድስና ተማሪ በመሆኔ «አንተ ንገረን» ተባልሁ፤ ያን ማታ በቅጡ አልመለስሁም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። ከአባሎቻችን መካከል ከዚህ ወደ ካናዳ፣ ወደ አሜሪካና ወደ ስካንዲናቪያ አገሮች የሚያልፉ ብዙዎች ስለሆኑ ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ/ ውሃ ለምን ከላይ በረዶ ይሆናል?

አብዛኛው ነገር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ይከብዳል። ውሃም እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይህንኑ ሕግ ይከተላል። ከ4 ዲግሪ በታች ግን ጠባዩን ይለውጣል፤ እንደገና መስፋትና መቅለል ይጀምራል። 0 ዲግሪ ደርሶ በረዶ ሲሆን ደግሞ በይዘቱ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። በሪጋ መንገድ ካሉት ካፊቴሪያዎች በሚቀርብልን ብርጭቆ ውስጥ በረዶው የሚንሳፈፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሞልቶ የተረሳ ጠርሙስ የሚፈነዳውም እንዲሁ።

አሁን ይህንን ሕግ ወደ ሐይቅ እናምጣው። ብርዱ ሲጀምር የላይኛው ውሃ ይቀዘቅዝና ከብዶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች ያለው ሞቅ ያለ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ መገለባበጥ ሐይቁ በሙሉ 4 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ግን የላይኛው ውሃ ይበልጥ ቢቀዘቅዝም ስለሚቀል አይወርድም፤ እዚያው ላይ ቆይቶ በረዶ ይሆናል። የተሠራው በረዶ ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የታችኛውን ውሃ ከነፋሱና ከብርዱ ይከልላል። ስለዚህ በውጪ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ቢደርስ እንኳን በሐይቁ ወለል ላይ ያለው ውሃ 4 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይከርማል። ውሃ እንደ ሌላው ነገር ከታች ወደ ላይ የሚጠጥር ቢሆን ኖሮ በሰሜን አገሮች ባሉት ሐይቆች ውስጥ አንድም ዓሣ ክረምቱን ባላለፈ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዴንቨር ከተማ አቅራቢያ በተራራው ላይ ኢሌቨን ማይል የሚባል የውሃ ማጠራቀሚያ ግድብ አለ፤ በ1932 የተሠራ ሲሆን ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ነው። በየክረምቱ ላዩ ድንጋይ ይሆንና ሰዎች ለትራውት ቀዳዳ ይሰረስሩበታል። አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያ ግድብ ትበልጣለች። ታዲያ የእኛ ውሃ ለምን በረዶ አይሆንም?

መልሱ ከፍታው ብቻውን ስለማይበቃ ነው። ሐይቅ በረዶ እንዲሆን አስቀድሞ ጠቅላላ ውሃው እስከ 4 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት፤ ይህም ሳምንታት የሚወስድ ሥራ ነው። በሰሜን አገሮች በክረምት ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ፀሐይዋም ዝቅ ብላ ታልፋለች፤ ስለዚህ ውሃው በየቀኑ ከሚያገኘው ሙቀት የሚያጣው ይበልጣል። እኛ አገር ግን ብርዱ የሌሊት ነው። በባሌ ሰኔቲ አምባ ላይ፣ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በበጋው ወራት ንጋት ላይ በኩሬዎች ዳርና በኮቴ ፈለግ ውስጥ ስስ በረዶ ይገኛል፤ በሰሜን ተራሮችም እንደዚሁ። ነገር ግን ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጥታ ታቀልጠዋለች። ሌሊት የተሠራውን ቀን ያፈርሰዋል።

ለ/ ዓሣው እዚያ ውስጥ እንዴት ይኖራል?

ዓሣ ቀዝቃዛ ደም ያለው ፍጡር ስለሆነ ውሃው ሲቀዘቅዝ የሰውነቱ ሥራ አብሮ ይቀንሳል፤ ትንሽ ይበላል፣ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ትንሽ ይተነፍሳል። በሌላ በኩል ቀዝቃዛ ውሃ ከሙቅ ውሃ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል። ጨው የሌለበት ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በ0 ዲግሪ በሊትር እስከ 14.6 ሚሊግራም፣ በ20 ዲግሪ 9.1 ሚሊግራም፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 7.5 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። ትራውት የብርድ ውሃ ዓሣ የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ውሃው ወደ 25 ዲግሪ ሲጠጋ በሕይወት መቆየት ያቅተዋል።

ይሁን እንጂ በበረዶ ሥር ያለው ኦክስጅን የተቆጠረ ስንቅ ነው። ክዳኑ ስለተዘጋ ከአየር ምንም አይገባም። በረዶው ጥርት ያለ ከሆነ ብርሃን ያልፍና በውሃ ውስጥ ያሉት ዕፀዋት ትንሽ ኦክስጅን ይሠራሉ። ወፍራም አመዳይ ከላይ ሲከመርበት ግን ይጨልማል፤ ዕፀዋቱም ይሞታሉ፤ መበስበሳቸውም የቀረውን ኦክስጅን ይበላዋል። ጥልቀት በሌላቸው ኩሬዎች በአንዳንድ ክረምት ዓሣው በሙሉ ታፍኖ የሚያልቀው እንዲህ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ሬሳው ይንሳፈፋል።

ሐ/ አያያዙ

በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የሚገኘው ቢጫ ፐርችና በአውሮጳ የሚገኘው ወንድሙ ከእጅ መዳፍ እምብዛም የማይበልጡ፣ በጎናቸው ላይ ጥቁር ሰንበር ያለባቸው ዓሦች ናቸው። በመንጋ ይሄዳሉ፤ የሚያድኑት በዓይናቸው ስለሆነ በቀን ይበላሉ፤ ሲመሽ ያቆማሉ። በክረምት የሚገኙት ወደ ወለሉ ተጠግተው ነው። ትራውት ግን ብቻውን ወይም በጥቂቱ ይዞራል፤ ብዙውን ጊዜ ከበረዶው ሥር በአንድ ወይም በሁለት ሜትር ውስጥ፣ በዳርቻው በኩል፣ ይልቁንም በንጋት ይገኛል። ስለዚህ ፐርችን የሚሻ ሰው ክሩን እስከ ወለሉ ይለቅና አንድ ስንዝር መልሶ ያነሣዋል፤ ትራውትን የሚሻ ደግሞ ወደ ላይ ያስቀረዋል።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። በረዶውን የሚበሳ ትልቅ መሰርሰሪያ፤ በረዶውን እየወጉ የሚፈትኑበት እንደኛ ድጅኖ ያለ ረጅም ብረት፤ ከቀዳዳው ላይ ፍርፋሪ በረዶ የሚጠልፉበት ቀዳዳ ያለው ጭልፋ፤ ክንድ የማታህል ዘንግ፤ ቀጭን ክር፤ ትንሽ መንጠቆና በላዩ ላይ የሚሰካ ትል። በቀረው ትዕግሥት ነው። አንዳንዶች ዓሣው ሲነክስ ብድግ የምትል ባንዲራ ያላት መቀጣጫ በሌላ ቀዳዳ ላይ ተክለው ከሩቅ ይጠብቃሉ። ብርዱን ለመከላከል ትንሽ ድንኳን ወይም የጣውላ ቤት የሚተክሉ አሉ። በዚህ ቤት ውስጥ ምድጃ የሚያነድ ሰው አየር ማስገቢያ መተው አለበት፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያደረ ከሰል ምን እንደሚያደርግ ከእኛ አገር ሰው የበለጠ የሚያውቅ የለም።

አሁን ለኋላው ክፍል የሚያስፈልገንን አንድ ነገር እንያዝ። ዓሣ በሆዱ ውስጥ አየር የተሞላች ፊኛ አለችው፤ በእርሷ ክብደቱን አስተካክሎ በውሃ መካከል ይቆማል። የትራውት ፊኛ ከጉሮሮው ጋር በቧንቧ ስለተያያዘች ወደ ላይ ሲጎተት ትርፉን አየር ማስገሳት ይችላል። የፐርች ፊኛ ግን ዝግ ናት። በውሃ ውስጥ 10 ሜትር በተወረደ ቁጥር የአንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመራል። ስለዚህ ከ10 ሜትር ጥልቀት በፍጥነት የተጎተተ ፐርች ላይ ሲደርስ በፊኛው ያለው አየር እጥፍ ሊሆን ይቃጣል፤ ሆድ ዕቃው በአፉ ይገፋል። እንዲህ ያለውን ዓሣ «ትንሽ ነው፣ ይመለስ» ብሎ መልቀቅ ብዙ ጊዜ ምጽዋት መስሎ መግደል ነው። በጥልቅ ውሃ ላይ የሚያጠምድ ሰው የሚበላው ያህል ከያዘ በኋላ ክሩን መሰብሰብ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። በእነዚህ አገሮች በብዙ ቦታ ያለ ፈቃድ ወረቀት ማጥመድ ክልክል ነው፤ በቀን የሚያዘውም ቁጥር ብዙውን ጊዜ በሕግ የተወሰነ ነው።

መ/ በረዶው ሰውን የሚችለው መቼ ነው?

የእናቲቱ ጥያቄ ይህ ነበር። በሚኔሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ምክር፣ በእግሩ ለሚሄድ ሰው አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር፣ ለበረዶ ሞተር ከ13 እስከ 18 ሴንቲሜትር፣ ለትንሽ መኪና ከ23 ሴንቲሜትር በላይ ይሁን የሚል ነው። ነጭና አመዳይ የተቀላቀለበት በረዶ ግን የመሸከም ኃይሉ ግማሽ ያህል ስለሆነ ውፍረቱ እጥፍ መሆን አለበት። መሥሪያ ቤቱ ከዚህ ጋር ሁልጊዜ የሚያስጠነቅቀው ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ የሚባል በረዶ እንደሌለ ነው። ውፍረቱ በአንድ ሐይቅ ላይ እንኳን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ የሚለካው አንድ ጊዜ ሳይሆን እየሄዱ ነው፤ ድጅኖው የተፈጠረው ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ ሐይቅና የግድብ ማጠራቀሚያ አንድ አለመሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ልዩነቱ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የግድብ ውሃ ዝም ብሎ አይከርምም። ለመብራት ወይም ለከተማ መጠጥ ይለቀቃል። ውሃው ሲወርድ በረዶው በዳርቻው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ከሥሩ ባዶ አየር ይሆናል፤ በክብደት ይሰነጠቃል። ውሃው ተመልሶ ሲሞላ ደግሞ በዳር በኩል ይለያያል። ሰው ደግሞ ወደ በረዶው የሚገባውም የሚወጣውም በዳር በኩል ነው።

ሁለተኛ፣ በግድቡ በር፣ በውሃ መውሰጃው አፍና በቀድሞው የወንዝ መሄጃ ላይ ውሃው ስለሚንቀሳቀስ በረዶው ይሳሳል። ከላይ ሲያዩት ግን ከሌላው ቦታ አይለይም።

ሦስተኛ፣ ወንዙ ወደ ግድቡ በሚገባበት ቦታ ዓሣም ይበዛል፤ ስስ በረዶም ይበዛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዓሣውን ተከትሎ ነው።

በረዶው የተደረመሰበት ሰው ምን ያድርግ? በመጀመሪያው ደቂቃ ብርዱ ሳንባን ስለሚያስደነግጥ አለመዋከብ፣ ትንፋሽን መቆጣጠር ያሻል። ከዚያ በኋላ እጅና እግር የሚታዘዙት ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። ፊትን ወደ መጡበት አቅጣጫ ማዞር፤ ያ በረዶ እስከዚያ ተሸክሟልና። በእግር እየቀዘፉ በደረት መውጣት፤ ከወጡ በኋላ ቆሞ አለመሄድ፤ ተኝቶ እየተንከባለሉ መራቅ። አጥማጆቹ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሏቸው ሁለት የሾሉ ብረቶች በዚያን ጊዜ በረዶውን ለመቧጠጥ ያገለግላሉ። ሊያድን የሚመጣ ወዳጅም ገመድ ይወርውር እንጂ ሮጦ አይቅረብ፤ አለዚያ ሬሳው ሁለት ይሆናል።

ሠ/ በአገራችን ያሉት ትራውትና ፐርች

«ይህ ሁሉ የሰው አገር ዓሣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

ትራውት አገራችን ውስጥ አለ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቡናማና ቀስተ ደመና የሚባሉት ሁለቱ የትራውት ዓይነቶች ከኬንያ መጥተው በባሌ ተራሮች በወብና በዳንካ ወንዞች ውስጥ ተለቀቁ። ወደ ኬንያ ተራሮች የመጀመሪያዎቹ ያለፉት ደግሞ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከብሪታንያ ነበር። ቀስተ ደመና ትራውት በመሠረቱ የሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ዓሣ ነው። በኢሌቨን ማይል በበረዶ ሥር የሚያዘው ዓሣና በዲንሾ በኩል በድልድይ ላይ ሆኖ የሚያዘው ዓሣ እንግዲህ ዘመዳሞች ናቸው። የባሌው ትራውት በረዶ አላየም፤ ነገር ግን ከአምባው የሚወርደው ብርድ ውሃ የሚፈልገውን ኦክስጅን ይሰጠዋል። ወደ ቆላ ቢወርድ ይሞታል። የቆላው ሙቀት ከብረት አጥር ይበልጥበታል።

የእኛው «ፐርች» ናይል ፐርች ነው። በስሙ ብቻ እንጂ በቤተሰቡ ከበረዶው ፐርች ጋር አይዛመድም። ትልቅነቱም የት ይገናኛል! የበረዶው ፐርች በመጥበሻ ላይ ሦስት አራት ሆኖ ሲቀመጥ፣ ናይል ፐርች እስከ 2 ሜትር ርዝመትና እስከ 200 ኪሎ ድረስ ሊያድግ ይችላል። በጫሞ፣ በአባያ፣ በኦሞ፣ በባሮና በታችኛው ዓባይ ይገኛል። በጣና ግን የለም፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ መንገዱን ዘግቶታል። በዚህ መዘጋት ምክንያት በጣና ውስጥ በሌላ ሥፍራ የማይገኙ 15 ያህል የባርበስ ዝርያዎች በራሳቸው መንገድ ሊያድጉ ችለዋል።

ፏፏቴው የከለከለውን ነገር ሰው ሲያደርገው ምን እንደሚሆን የቪክቶሪያ ሐይቅ አሳይቷል። በ1950ዎቹ ናይል ፐርች እዚያ ተለቀቀ፤ በ1980ዎቹ ሐይቁን ሞላው። 200 ያህል ትንንሽ የዓሣ ዝርያዎች እንደጠፉ ይገመታል። በምትኩ ትልቅ የውጪ ንግድ ተፈጠረ፤ በዳርቻው ላይ ያለው ድሃ ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሥጋው ተቆርጦ የተላከለትን የዓሣ አጽም ነው። ከላይ የጠቀስናት ያች ዝግ ፊኛም ገበያ አገኘች፤ ደርቃ ወደ ቻይና ትላካለች፤ በኪሎ ስትመዘን ከሥጋው እጅግ ትበልጣለች። ትልቅ ዓሣ ትልቅ ፊኛ አለው፤ ስለዚህ የሚታደነው ብዙ ዕንቁላል የሚጥለው ትልቁ ዓሣ ይሆናል።

በጫሞስ? የጓደኛችን አባት በወጣትነታቸው የያዙት ፐርች በትከሻቸው ሲሸከሙት ጅራቱ መሬት ይጎተት እንደነበር ይናገራሉ። አሁን ልጃቸው የሚያስታውሰው ፐርች ክንድ የሚያህል ነው። ይህ የአንድ ቤተሰብ ወሬ ብቻ አይደለም። መረቡ እየበዛ፣ ዓይኑም እየጠበበ ሲሄድ ዓሣው አንድ ጊዜ እንኳን ሳይወልድ ይያዛል፤ ያልወለደ ዓሣ ደግሞ ለከርሞ ወራሽ አይተውም። በጣናም በሞተር ጀልባና በትልልቅ መረብ የሚሠራው ማጥመድ ከ1986 ወዲህ ተስፋፍቶ፣ ባርበሶቹ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዝ አፍ ሲሰበሰቡ ከደጃፋቸው ላይ ይታፈሱ ስለነበር፣ በ1991 እና በ2001 መካከል ቁጥራቸው ከግማሽ በላይ ቀንሷል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ በ2003፣ በእኛ አቆጣጠር በ1995 ቁጥሩ 315 ሆኖ ወጥቷል። ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የሚጎድለው መረቡን የሚለካ ሰውና፣ መረቡ በተከለከለበት ወር የአጥማጁ ልጆች የሚበሉት ነገር ነው። ሁለተኛውን ሳይመልሱ የመጀመሪያውን ማስገደድ አጥማጁን በሌሊት እንዲሠራ ከማድረግ አያልፍም።

ጉዳዩ ወደፊት እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አይሄድም። ቆቃ በ1960፣ ፊንጫ በ1973፣ ተከዜ በ2009 የተሠሩ ግድቦች ናቸው፤ በ2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ንጋት የተባለውን ግዙፍ ሐይቅ ፈጥሯል። አዲስ ግድብ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በውሃ የተዋጠው ሣርና አፈር ምግብ ስለሚሆን ዓሣው ይፈላል፤ ያ ስንቅ ሲያልቅ ግን ይቀንሳል። በፍስሐው ዘመን የገባው ጀልባና መረብ ግን አብሮ አይቀንስም። የግድብ ዓሣ አጥማጆች በብዙ አገር የሚደኸዩት በዚህ መንገድ ነው።

ረ/ በዴይራ፣ በበረዶ ላይ

ከአል ሙራቃባት ወደ ዴይራ ባሕር ዳርቻ ብንወርድ በ2017 የተከፈተውንና የድሮውን የዴይራ ዓሣ ገበያ የተካውን ትልቅ ገበያ እናገኛለን። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል፤ በረዶው ከሥር ነው፣ ዓሣው ከላይ። ሐሙርና ሸዕሪ፣ ሳፊና ከንዓድ በተፈጨ በረዶ ላይ ተደርድረው ዓይናቸው ያፈጣል። በአካባቢያችን ባሉት ሱፐርማርኬቶች ደግሞ ከዩጋንዳና ከታንዛኒያ የመጣ ናይል ፐርች ተቆርጦ ይሸጣል። በጾም ሰሞን ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየሕሊናችን ትተን፣ ያን ሥጋ ስንገዛ የምንገዛው የባሮንና የጫሞን ዓሣ ወንድም መሆኑን ማወቅ ደግ ነው። የሰው ብልሃት ርቆ ሄዶ በጀበል አሊ በኩል በማሽን በሚቀዘቅዝ ገንዳ ውስጥ የትራውትን ዘመድ ሳልሞንን እስከ ማርባት ደርሷል።

የዚህ ባሕር ጉዳይም ከእኛው አይለይም። ባሕረ ሰላጤው አማካይ ጥልቀቱ 35 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በበጋ ላዩ ከ34 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ጨውነቱም ከውቅያኖስ ይበልጣል። ዓሣው አስቀድሞ በጠባብ ኑሮ ላይ ነው። አጥማጆቹ ጎርጎር በሚሉት፣ ጉልላት በሚመስል የሽቦ ወጥመድ ሲይዙት ኖረዋል፤ ዓሣው በጉሮሮው በኩል ይገባል፣ መውጫ ያጣል። ድሮ ወጥመዱ ከዘንባባ ዝንጣፊ ይሠራ ስለነበር ባሕር ውስጥ ቢጠፋ ይበሰብስ ነበር። የሽቦው ግን ከጠፋም በኋላ ባለቤት ሳይኖረው ለረጅም ጊዜ ይገድላል። ስለሆነም አቡ ዳቢ በ2019 ጎርጎርን ከለከለች። ሳፊና ሸዕሪ በሚወልዱበት በማርችና በኤፕሪል እንዳይያዙና እንዳይሸጡ የሚከለክል ደንብም በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ ወጥቷል። በእነዚያ ወራት ሳፊ አምጣ የሚል ደንበኛ ሕጉን ከጣሰው አጥማጅ የሚለየው እጁ ባለመርጠቡ ብቻ ነው።

እንግዲህ ከሦስቱ ውሃዎች የምንረዳው አንድ ነገር ነው። በበረዶው ላይ የተቀመጠው ሰው ውፍረቱን ለክቶ ይገባል፤ የተፈቀደለትን ቆጥሮ ይወጣል። ካልለካ ይሰምጣል፤ ቅጣቱ በዚያው ቀን ነው። በጫሞና በዚህ ባሕር ላይም የሚለካ ነገር አለ፤ ልዩነቱ ያልለካ ሰው ዛሬ አለመስመጡ ነው። የሚሰምጠው ልጁ ነው።

ጓደኛችን ይህንን ሁሉ በስልክ ለእናቱ ነገራቸው። እናቱም «እሺ፣ ብረቱን ሳትይዝ እንዳትገባ» ብለው ፈቀዱ። ስልኩን አባቱ ተቀበሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እነርሱ በረዶውን ይለካሉ አልህ? ደግ ነው። ተምረህ ስትመለስ ሐይቁን ለክተህ ንገረን» አሉት። እርሱም በሚኔሶታ የሚያጠናውን የትምህርት ዘርፍ ገና አልወሰነም ነበር፤ ከዚያ ማታ ወዲህ ስለ ዓሣ ሀብት አጠባበቅ የሚያስተምረውን ክፍል መጠያየቅ ጀምሯል።

በብርድ አገር ያላችሁ የቀድሞ አባሎቻችን በበረዶ ላይ ያያችሁትን ጽፋችሁ ብትልኩልን፣ ከሐይቅ ዳር የተወለዳችሁም የአባቶቻችሁን ዓሣ መጠንና የዛሬውን ብትነግሩን፣ በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።